የሌዘር መቅረጫ ማሽን ለሶዶ ገበያ ያዋጣል?

ክልል ሲለወጥ ማኅተም ይለወጣል። በነሐሴ 2015 ዓ.ም ከቀድሞው የደቡብ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ክልል የቀረው አካል ለሁለት ተከፍሎ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት፣ ወላይታ ሶዶም የአዲሱ ክልል የፖለቲካና የአስተዳደር ማዕከል ስትሆን፣ በየቢሮው መሳቢያ ውስጥ የነበረው የጎማ ማኅተም ሁሉ አሮጌ ሆነ። በክብ ማኅተሙ ጠርዝ ላይ የተቀረጸው የክልል ስም ከእንግዲህ የለምና። በሕዝበ ውሳኔ አዲሱን ክልል የመሠረቱት 6 ዞኖችና 5 ልዩ ወረዳዎች ከላይኛው ቢሮ እስከ ቀበሌ ጽሕፈት ቤት ድረስ አዲስ ማኅተም፣ አዲስ ቲተር፣ አዲስ ታፔላና በየበሩ የሚለጠፍ የስም ሰሌዳ የሚፈልጉ ሆኑ።

እንዲህ ያለው ፍላጎት ነጋዴን ያስባል። ድሮ ማኅተም ቀራጭ በስለታም ምላጭና በትዕግሥት ይሠራው የነበረውን ሥራ ዛሬ የሌዘር መቅረጫ ማሽን በደቂቃዎች ይጨርሰዋል። ከአዲስ አበባ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ የምትገኘው ሶዶ ሥራዋን ወደ ዋና ከተማ ከምትልክ ማሽኑን ወደ ሶዶ ማምጣቱ አይሻልም ወይ? የሚለው ጥያቄ ከዚህ ይነሣል። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ ግን ማሽኑ እንዴት እንደሚሠራ፣ ምን እንደሚችልና ምን እንደማይችል ሳያውቁ የሚሰጥ አይደለም። ብድር ተበድሮ ማሽን የሚገዛ ወጣት ስለማሽኑ የሚሰማው በአብዛኛው ከሻጩ ነው። ሻጩ ደግሞ ስለ ዋትና ስለ ፍጥነት እንጂ ስለ ሥራ ሰዓት አይነግረውም።

ለመሆኑ ሌዘር ምንድን ነው?

ሌዘር ብርሃን ነው። ከአምፖል ብርሃን የሚለየው በሥርዓቱ ነው። የአምፖል ብርሃን ልዩ ልዩ ቀለም ተደባልቆበት በየአቅጣጫው ይበተናል። የሌዘር ብርሃን ግን አንድ ዓይነት፣ በአንድ አቅጣጫና በአንድ እርምጃ የሚጓዝ ነው። የንድፈ ሐሳቡን መሠረት አልበርት አንስታይን እ.ኤ.አ. በ1917 ጣለ። የመጀመሪያውን ሌዘር ቴዎዶር ሜይማን የተባለ አሜሪካዊ የፊዚክስ ሊቅ እ.ኤ.አ. በግንቦት 1960 በሩቢ ድንጋይ ሠራ። ዛሬ በየቀረጻ ሱቁ በብዛት የሚገኘው የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሌዘር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1964 በቤል ላቦራቶሪ ሲሠራ በነበረው ትውልደ ሕንዳዊ ኩማር ፓቴል የተፈጠረ ነው።

የማሽኑ ልብ አንድ የመስተዋት ቱቦ ነው። በቱቦው ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ናይትሮጅንና ሂሊየም ጋዞች ተደባልቀው ታሽገዋል። ከግድግዳ የሚመጣው 220 ቮልት በማሽኑ የኃይል ሳጥን ወደ ብዙ ሺህ ቮልት ከፍ ይልና በጋዙ ውስጥ ያልፋል። ኤሌክትሪኩ በመጀመሪያ የሚቀሰቅሰው ናይትሮጅኑን ነው፤ ናይትሮጅኑ ጉልበቱን ለካርቦን ዳይኦክሳይዱ ያስተላልፋል። የተቀሰቀሰው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጉልበቱን በብርሃን መልክ ይለቃል። ያ ብርሃን በሌላ የተቀሰቀሰ የጋዝ ቅንጣት አጠገብ ሲያልፍ ያኛውም ልክ እንደርሱ ያለ ብርሃን እንዲለቅ ያደርገዋል። የሠርግ ቤት እልልታ እንደማለት ነው፤ አንዷ ስትጀምር ሌላዋ በዚያው ድምፅ ትቀበላለች፤ ጥቂት ሳይቆይ ቤቱ ይሞላል። በቱቦው ሁለት ጫፍ ያሉት መስተዋቶች ብርሃኑን እያመላለሱ ያበዙታል። ከሁለቱ አንዱ በከፊል አሳላፊ ስለሆነ ከብርሃኑ ጥቂቱ በዚያ በኩል ሾልኮ ይወጣል። ይህ ነው የሌዘር ጨረር የሚባለው።

ጨረሩ በዓይን አይታይም። የሞገዱ ርዝመት 10.6 ማይክሮን በመሆኑ ዓይን ሊያየው ከሚችለው በጣም ይረዝማል። ከቱቦው እንደወጣ ሦስት መስተዋቶች እየተቀባበሉ ወደ መቅረጫው ራስ ያደርሱታል። በራሱ ላይ ያለው ሌንስ ጨረሩን ሰብስቦ ከአንድ ሚሊ ሜትር አንድ አምስተኛ ወይም ከዚያ ባነሰ ነጥብ ላይ ያሳርፈዋል።

ጉልበቱ ያለው እዚህ መሰብሰብ ላይ ነው። በመካከለኛ ማሽን ላይ የሚገኝ ቱቦ የሚሰጠው ብርሃን 60 ዋት፣ በድሮው አነጋገር አንድ ባለ 60 ሻማ አምፖል የሚወስደውን ያህል ነው። ይህን 60 ዋት 0.2 ሚሊ ሜትር ስፋት ባላት ነጥብ ላይ ሲሰበስቡት በአንድ ሚሊ ሜትር ካሬ ላይ 1,900 ዋት ያህል ያርፋል። የእኩለ ቀን ፀሐይ በአንድ ሜትር ካሬ ላይ የምታሳርፈው 1,000 ዋት ገደማ ስለሆነ፣ የሌዘሩ ነጥብ ከቀትር ፀሐይ ሁለት ሚሊዮን ጊዜ ያህል ይበረታል ማለት ነው። እንጨቱ ይከስላል፣ ፕላስቲኩ ይተንናል፣ ጎማው ወደ ጭስና ዱቄት ይለወጣል።

የቀረው የእንቅስቃሴ ጉዳይ ነው። ሁለት ሞተሮች ራሱን ወደ ግራና ቀኝ፣ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ያንቀሳቅሱታል። በኮምፒዩተር የተሠራው ንድፍ ወደ ማሽኑ ካርድ ይተላለፋል፤ ካርዱም ሞተሮቹን እያዘዘ በየነጥቡ ጨረሩን ያበራል፣ ያጠፋል። ሥራው በሁለት ዓይነት ይከፈላል። ቀረጻ ሲሆን ራሱ እንደ ማተሚያ ማሽን መስመር በመስመር እየተመላለሰ ይሄዳል። ቆረጣ ሲሆን ግን የንድፉን ጠርዝ ተከትሎ ዝግ ብሎ አንድ ጊዜ ይዞራል። ይህ ልዩነት የማሽኑን የሥራ ሰዓት የሚወስን በመሆኑ ወደ ሒሳቡ ስንደርስ እንመለስበታለን።

አንድ ማኅተም እንዴት ይወጣል?

ማኅተም ሲቀረጽ ሌዘሩ የሚበላው ፊደሉን ሳይሆን በፊደሉ ዙሪያ ያለውን ጎማ ነው። ፊደሉ ከፍ ብሎ ይቀራል፤ ጽሑፉም ወረቀት ላይ ሲያርፍ እንዲቃና በመስተዋት እንደሚታይ ተገልብጦ ይቀረጻል። የሠለጠነ ባለሙያ የፊደሉን ግርጌ ከጫፉ ሰፋ አድርጎ እንደ ተዳፋት ያስቀረዋል። እንዲህ ካልሆነ ቀጭኑ መስመር በጥቂት ወራት ውስጥ ይታጠፋል፤ ብሎም ይገነጠላል። ለግዕዝ ፊደል ይህ ጥንቃቄ እጥፍ ነው። የ«ሠ» እግሮች፣ የ«ኅ» እና የ«ሕ» ቅጥያዎች በ40 ሚሊ ሜትር ማኅተም ጠርዝ ላይ ሲያንሱ እርስ በርሳቸው ይጣበቃሉ። በወላይታ ደግሞ ወላይትኛ በላቲን ፊደል የሚጻፍ በመሆኑ ቀራጩ በአንድ ክብ ውስጥ ሁለት ዓይነት ፊደል አስማምቶ ማስቀመጥ ሊጠየቅ ይችላል። ማሽኑ የሰጡትን ይቀርጻል እንጂ የተሳሳተ ፊደል አያርምም።

የትኛው ማሽን ለየትኛው ሥራ?

ገበያው ላይ ሦስት ዓይነት አለ። የመጀመሪያው ከላይ የተገለጸው የካርቦን ዳይኦክሳይድ ማሽን ነው። ለእንጨት፣ ለኮምፖርሳቶ፣ ለጎማ፣ ለቆዳ፣ ለወረቀትና አክሪሊክ ለሚባለው የፕላስቲክ ሰሌዳ ይሆናል፤ የመስተዋት ገጽንም ያደበዝዛል። ብረት ላይ ግን ያለ ልዩ ቅባት ምንም አይሠራም፤ ብረቱ ጨረሩን መልሶ ይመልሰዋል። ቀለም የተቀባ ብረት ከሆነ ቀለሙን ብቻ ያነሣል።

ሁለተኛው ፋይበር ሌዘር ይባላል። የሞገዱ ርዝመት 1.064 ማይክሮን፣ ማለትም ከመጀመሪያው አንድ አሥረኛ ያህል ሲሆን ብረት በደንብ ይቀበለዋል። ለሜዳሊያ፣ ለቁልፍ መያዣ፣ ለብዕር፣ ለመለዋወጫ ቁጥርና ለብረት ሰሌዳ የሚፈለገው ይህ ነው። ራሱ አይመላለስም፤ ሁለት ትናንሽ መስተዋቶች ጨረሩን በፍጥነት ያወዛውዙታል። በዚህም የተነሣ እጅግ ፈጣን ነው። እንጨት ለመቁረጥ ወይም ጥርት ያለ አክሪሊክ ለመቅረጽ ግን አይሆንም።

ሦስተኛው ሰማያዊ ብርሃን የሚሰጠው የዳዮድ ማሽን ነው። ዋጋው ከሁሉም ያነሰ፣ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ ነው። ቀጭን እንጨትና ቆዳ ላይ ይጽፋል፤ ብርሃን የሚያሳልፍ አክሪሊክን ግን ሳይነካው ያልፋል፤ አዝጋሚም ነው። ለመለማመጃ ይበጃል። ሱቅ ከፍቶ በርሱ ብቻ መተዳደር አስቸጋሪ ነው።

እንግዲህ «አንድ ማሽን ሁሉን ይሠራል» የሚል ሻጭ ሲያጋጥም ገዢው አንድ ነገር ይጠይቅ፦ ብረቱንም እንጨቱንም እፊቴ ቅረጽልኝ።

የመብራት ነገር

ወላይታ በኤሌክትሪክ ካርታ ላይ ትልቅ ስም ያለው ቦታ ነው። በወላይታና በዳውሮ መካከል በኦሞ ወንዝ ላይ የተሠራውና በታኅሣሥ 2009 ዓ.ም የተመረቀው የጊቤ ሦስት ግድብ 1,870 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። ከወላይታ ሶዶ ተነሥቶ ኬንያ ውስጥ እስከ ሱስዋ የሚዘልቀው 1,045 ኪሎ ሜትር የ500 ኪሎ ቮልት መስመርም በኅዳር 2015 ዓ.ም ለኬንያ መብራት ማቅረብ ጀምሯል።

ይሁን እንጂ በከተማዋ አናት ላይ የሚያልፈው ከፍተኛ መስመር ሌላ፣ ወደ ሱቅ የሚገባው የስርጭት መስመር ሌላ ነው። ለቀረጻ ሱቅ ወሳኙ በመንደሩ ትራንስፎርመር በኩል የሚደርሰው ነው። ማሽኑ ብዙ መብራት አይበላም፤ ባለ 60 ዋቱ ቱቦ ከውኃ ማቀዝቀዣውና ከጭስ ማስወጫው ጋር በሰዓት 1 ኪሎ ዋት ገደማ ቢወስድ ነው። አንድ የእንጀራ ምጣድ ከዚህ ሦስት አራት እጥፍ ይወስዳል። ችግሩ ያለው መቆራረጡ ላይ ነው። በቀረጻ መካከል መብራት ሲጠፋ ራሱ ባለበት ይቆማል፤ ሲመለስ መስመሩን ሳይስት ካቆመበት መቀጠሉ አስተማማኝ አይደለም። ዕቃው ይበላሻል። ቮልቴጅ ሲወዛወዝም የቀረጻው ጥልቀት ይለዋወጣል፤ የኃይል ሳጥኑም ይጎዳል። ስለዚህ ስታቢላይዘር የማሽኑ አካል ተደርጎ ዋጋው አብሮ መታሰብ አለበት።

ሁለተኛው ጉዳይ ውኃ ነው። ቱቦው ከወሰደው ኤሌክትሪክ አብዛኛውን ወደ ሙቀት ስለሚለውጠው ያለማቋረጥ በውኃ መቀዝቀዝ አለበት። ተስማሚው የውኃ ሙቀት ከ15 እስከ 25 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ነው። በዳሞታ ተራራ ሥር ያለችው የሶዶ አየር ለዚህ ያግዛል። የቧንቧ ወይም የጉድጓድ ውኃ ግን ዝቃጩን በቱቦው ውስጥ ስለሚተው አይሆንም፤ የተጣራ ውኃ ያስፈልጋል። ውኃው ቆሞ ቱቦው ቢሠራ በደቂቃዎች ውስጥ ሊሰነጠቅ ይችላል።

ሒሳቡ ሲሰላ

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንግባ። ከታች ያሉት አኀዞች ለስሌት የተወሰዱ ግምቶች እንጂ የገበያ ዋጋ አይደሉም፤ አንባቢ የራሱን አኀዝ እያስገባ ሊያሰላው ይችላል።

ማሽኑ ከነማጓጓዣውና ከነቀረጡ 500 ሺህ ብር ወጣበት፤ 5 ዓመት ያገለግላል እንበል። የዓመት እርጅናው 100 ሺህ ብር ይሆናል። ገንዘቡ በሙሉ በብድር የተገኘ፣ ወለዱም 18 በመቶ ቢሆን የመጀመሪያው ዓመት ወለድ 90 ሺህ ብር ነው። የሱቅ ኪራይና የሠራተኛ ደመወዝ በወር 15 ሺህ፣ በዓመት 180 ሺህ ብር ይሁን። ድምሩ 370 ሺህ ብር ነው። ይህ ወጪ ማሽኑ ሠራም ቆመም የማይቀር ነው። ቱቦው ደግሞ 50 ሺህ ብር ተገዝቶ 2,500 ሰዓት ቢያገለግል ለእያንዳንዱ የሥራ ሰዓት 20 ብር ይጨመራል።

ሱቁ በዓመት 250 ቀን ክፍት ሆኖ ማሽኑ በቀን 4 ሰዓት ቢሠራ፣ የዓመቱ ሥራ 1,000 ሰዓት ይሆናል። 370 ሺሁ ለ1,000 ሲካፈል 370 ብር፤ 20 ሲጨመርበት አንድ የማሽን ሰዓት 390 ብር ያወጣል። ያው ማሽን በቀን 1 ሰዓት ብቻ ቢሠራ ግን የዓመቱ ሥራ 250 ሰዓት ነውና የሰዓቱ ወጪ 1,500 ብር ይደርሳል። 5 ደቂቃ የማሽን ጊዜ የሚወስድ ማኅተም በመጀመሪያው ሁኔታ 32 ብር ከ50፣ በሁለተኛው 125 ብር ይፈጃል። ጎማው፣ እጀታውና የመብራቱ ሒሳብ ገና አልተነካም።

መብራት ከአራቱ የሥራ ሰዓት አንዱን ቢወስድስ? 1,000 ሰዓቱ 750 ይሆንና የአንዱ ሰዓት ወጪ ከ390 ወደ 513 ብር ያድጋል። ጄኔሬተር የመግዛትና ያለመግዛት ውሳኔ ከዚህች የ123 ብር ልዩነት ጋር ተነጻጽሮ የሚታይ ነው።

ስለዚህ የማሽኑን አዋጭነት የሚወስነው የሥራ ሰዓቱ ብዛት ነው። እዚህ ላይ የማሽኑ ፍጥነት ራሱ ጥያቄ ያስነሣል። በቀን 4 ሰዓት ማኅተም ብቻ ለመቅረጽ በየ5 ደቂቃው አንድ፣ በቀን 48፣ በዓመት 12 ሺህ ማኅተም ያስፈልጋል። በ1999 ዓ.ም የሕዝብና ቤት ቆጠራ 76 ሺህ ያህል ነዋሪ የነበራት ሶዶ ከዚያ ወዲህ ብትሰፋም፣ የክልል መቀመጫ ብትሆንም፣ በየዓመቱ 12 ሺህ ማኅተም የምታስቀርጽ ከተማ ትሆናለች ብሎ ማሰብ ያስቸግራል። ማኅተም ደግሞ ዓመታት የሚያገለግል ዕቃ ነው። የክልሉ መመሥረት የፈጠረው ፍላጎት እንደ በጋ ዝናብ ነው፤ ያበቅላል እንጂ አያደርስም።

ቆረጣ ግን ሌላ ነው። ለአንድ ታፔላ የሚሆኑ የአክሪሊክ ፊደሎች ጠርዛቸው ተደምሮ 20 ሜትር ቢሆንና ማሽኑ በሰከንድ 8 ሚሊ ሜትር ቢቆርጥ፣ ሥራው ከ40 ደቂቃ በላይ ይወስዳል። አንድ ታፔላ ለማሽኑ የስምንት ማኅተም ሥራ ይሰጠዋል ማለት ነው። ያዋጣኛል የሚል ባለሱቅ እንግዲህ ዓይኑን ከማኅተም ወደ ታፔላ፣ ከታፔላ ወደ እንጨት ሥራ ማሻገር ይኖርበታል።

ደንበኛው ማን ነው?

በሶዶ የሥራ ምንጮቹ ወቅት አላቸው። በ1999 ዓ.ም የተመሠረተው የወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቹን በሚያስመርቅበት ጊዜ የመታሰቢያ ሰሌዳና የስጦታ ዕቃ ይፈለጋል። የወላይታ የዘመን መለወጫ ጊፋታ በመስከረም ይመጣል፤ የዱንጉዛን ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር ቀለም የያዘ የመታሰቢያ ዕቃ ከአዲስ አበባ ተሠርቶ የሚመጣበት ምክንያት የለም። የሠርግ ወራት የጥሪ ካርድና የስጦታ ሳጥን ያመጣሉ። ስፖርትም አለ። ወላይታ ድቻ በ2009 ዓ.ም የኢትዮጵያ ዋንጫን ያነሣ፣ በ2010 ዓ.ም በኮንፌዴሬሽን ዋንጫ የግብፁን ዛማሌክ ጥሎ ያለፈ ክለብ ነው። እንዲህ ያለ ክለብ ባለበት አካባቢ የትምህርት ቤትና የቀበሌ ውድድሮች ዋንጫና ሜዳሊያ ይሻሉ፤ የስም ሰሌዳቸውም ይቀረጻል።

ከሁሉም ይልቅ ቋሚ ሊሆን የሚችለው ግን ከእንጨት ሥራ ቤቶች ጋር የሚደረግ ሥራ ነው። የሶዶ፣ የአረካና የቦዲቲ አናጢዎች የሚሠሩት የዋንዛ አልጋ ራስጌ፣ የሳሎን በርና ቁም ሣጥን ጌጥ በእጅ መሮ ቀናት ይፈጃል። በወላይታም እንደ ብዙው የአገራችን ክፍል ቀጥቃጩ፣ ሸክላ ሠሪውና ቆዳ ፋቂው በሙያቸው ሲናቁ ኖረዋል። ማሽኑ የእነዚህን ሰዎች ገበያ የሚቀማ ሳይሆን ሥራቸውን የሚያሻሽል እንዲሆን ባለማሽኑ በቀጥታ ከእነርሱ ጋር ቢዋዋል ለሁለቱም ይጠቅማል። አናጢው ሥራ ያመጣል፤ ማሽኑ ሰዓት ያገኛል።

አንድ አደጋ ግን አለ። በአገራችን አንዱ ሻይ ቤት ከፍቶ ሲቀናው ጎረቤቱም ሻይ ቤት ይከፍታል። በሌዘር ሥራ ይህ ልማድ ይበልጥ ይጎዳል። ከላይ እንዳየነው ከወጪው አብዛኛው ቋሚ ነው፤ ተጨማሪ አንድ ሰዓት የሚያስወጣው 20 ብር፣ መብራትና ጥሬ ዕቃ ብቻ ነው። ሦስት ባለማሽኖች በአንድ ገበያ ሲፎካከሩ ማሽናቸው ከሚቆም ብለው ዋጋቸውን እስከዚያው ድረስ ሊያወርዱ ይችላሉ። ደንበኛው ይደሰታል፤ ብድሩ ግን አይከፈልም። ከዚህ የሚያድነው የተሻለ ንድፍና ሌላው ያልያዘው ደንበኛ ነው።

የውጭ ምንዛሪውም አይዘነጋም። ማሽኑ፣ ቱቦው፣ ሌንሱና የማኅተም ጎማው በአብዛኛው ከቻይና የሚመጡ ናቸው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም የብር የምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ከዚያ በፊት የተጠና የአዋጭነት ጥናት ካለ እንደገና መሠራት አለበት። ገንዘቡን በሙሉ ከማፍሰስ ይልቅ በአዋጅ ቁጥር 103/1990 የተፈቀደው የካፒታል ዕቃ ኪራይ መኖሩንም ማወቅ ይጠቅማል። በዚህ አሠራር አከራዩ ማሽኑን ገዝቶ ያቀርባል፤ ተከራዩ እየሠራ ይከፍላል። የኢትዮጵያ ልማት ባንክ ለአነስተኛና መካከለኛ ኢንተርፕራይዞች በዚህ መንገድ ይሠራል። ነገር ግን የቀረጻ ሱቅ በማምረቻ ወይስ በአገልግሎት መደብ እንደሚመዘገብ አስቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ መልሱ የሚፈቀደውን ሊወስነው ይችላልና።

ጤናና ሕግ

የመጀመሪያው ማስጠንቀቂያ ፒ.ቪ.ሲ. ነው። በማስታወቂያ ሥራ በብዛት የሚገኘው ይህ ነጭ ሰሌዳ በሌዘር ሲቃጠል የሃይድሮጅን ክሎራይድ ጋዝ ይወጣዋል። ይህ ጋዝ እርጥበት ሲያገኝ አሲድ ይሆናል፤ ሳንባን ይጎዳል፣ የማሽኑንም ሌንስና ሐዲድ በአጭር ጊዜ ያዝገዋል። ከአክሪሊክ ለመለየት ቀላል ዘዴ አለ። የጋለ የመዳብ ሽቦ ፕላስቲኩን አስነክቶ መልሶ ወደ እሳቱ ማስገባት ነው፤ እሳቱ አረንጓዴ ከሆነ ፕላስቲኩ ክሎሪን አለበትና ወደ ማሽኑ አይግባ። ሙከራው ከቤት ውጪና በትንሽ ቁራጭ ይደረግ። የአክሪሊክና የእንጨት ጭስም ቢሆን ለሳንባ አይበጅም፤ ማስወጫው ወደ ጎረቤት መስኮት ሳይሆን ከጣሪያ በላይ መዝለቅ አለበት።

ሁለተኛው ዓይን ነው። የካርቦን ዳይኦክሳይድ ማሽን የአክሪሊክ ክዳን ጨረሩን ያግደዋል፤ ክዳኑን ከፍቶ መሥራት ግን የዓይንን ብሌን ማቃጠል ነው። የፋይበርና የዳዮድ ማሽኖች ጨረር ከዚህም ይብሳል፤ ብሌኑን አልፎ የዓይንን ውስጠኛ ግድግዳ ይመታል፤ ጉዳቱም አይድንም። ለሞገዱ ርዝመት የተሠራ መነጽር ግዴታ ነው፤ የፀሐይ መነጽር አይተካውም። እየሠራ ያለን ማሽን ትቶ ቡና መጠጣትም ሱቅ ያቃጥላል።

ሦስተኛው ሕግ ነው። ማኅተም የመሥሪያ ቤት ቃል ነው። ሐሰተኛ ማኅተም መሥራት በወንጀል ሕግ ያስቀጣል። በምላጭ ሲሠራ የቀራጩ እጅ ይታወቅ ነበር፤ በሌዘር ግን አንድ የታተመ ወረቀት ፎቶግራፍ የያዘ ሰው ንድፉን በሰዓት ውስጥ ሊያስመስል ይችላል። ባለሱቁ የመሥሪያ ቤቱን የትዕዛዝ ደብዳቤ ሳያይ መቅረጽ የለበትም። ደብዳቤውን ከታዛዡ መታወቂያ ቅጂ ጋር በፋይል ያስቀምጥ፤ የተቀረጸውንም ንድፍ ቁጥር ሰጥቶ ይመዝግብ። የክልል ስም በተለወጠበት አካባቢ አሮጌና አዲስ ማኅተም ጎን ለጎን ሲዘዋወሩ ይህ ጥንቃቄ ይበልጥ ያስፈልጋል።

ለገዢ የሚሆን ምክር

ማሽኑ ከመታዘዙ በፊት ሊሠራ የሚገባው ሥራ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ለአንድ ሙሉ ወር ከሶዶ ወደ አዲስ አበባና ወደ ሌሎች ከተሞች እየተላከ የሚሠራውን ማኅተም፣ ታፔላ፣ ዋንጫና ስጦታ በደብተር መመዝገብ ነው። ማተሚያ ቤቶችን፣ ትምህርት ቤቶችን፣ አናጢዎችንና የማስታወቂያ ሠራተኞችን መጠየቅ ነው። ከእያንዳንዱ ሥራ አጠገብ ስንት የማሽን ደቂቃ እንደሚወስድ ይጻፍ፤ በወሩ መጨረሻ ይደመር። በዚሁ ወር መብራት የጠፋበት ሰዓትም ይመዝገብ። ድምሩ በቀን 3 ወይም 4 ሰዓት ከደረሰ ወደ ባንክ መሄድ ይቻላል። አንድ ሰዓት ካልሞላ ግን ለጊዜው ንድፉን ሶዶ ላይ እየሠሩ ቀረጻውን ማሽን ላለው ማሠራት ይሻላል። ንድፍ የሚሠራ ሰው ኮምፒዩተር ብቻ ይበቃዋል፤ ደንበኛውንም በዚያው ያፈራል። ማሽኑ በዚያ ደንበኛ ላይ ቢመጣ ሥራ ይጠብቀዋል።